ዋና ለማይችል ሰው ፓላዋን፦ ፑዌርቶ፣ ኤል ኒዶ ወይስ ኮሮን?

ዱባይ ስሠራ አብራኝ የምትሠራ አንዲት ፊሊፒናዊት ነበረች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ «አቴ» እላት ነበር፤ በእኛ «እትዬ» እንደማለት ነው። ፓላዋን የሚባለው የፊሊፒንስ ደሴት ልጅ ናት። ፈቃድ ልወጣ ነው፣ አገርሽን ላየው አስቤያለሁ ስላት ፊቷ በራ። ስንት ብር ይበቃኛል ብዬ ልጠይቃት ስል ግን ቀደመችኝ።

«ዋና ትችላለህ?»

«እስከ ደረቴ» አልኳት።

ሳቀችብኝ። እውነቴን ነበር። ደጋ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ውሃን በደንብ የሚያውቀው በባልዲ ነው። ላንጋኖ ብንሄድም ዳር ዳሩን ነው። እግር መሬት ከለቀቀ ጨዋታው አበቃ።

የአቴ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ካነበብኩት የጉዞ ምክር ሁሉ በለጠብኝ። ፓላዋን የሚሄድ ሰው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ከሦስት ቦታ አንዱ ነው፦ ፑዌርቶ ፕሪንሴሳ፣ ኤል ኒዶ ወይም ኮሮን። ኢንተርኔት ላይ ሦስቱም አንድ ይመስላሉ። አረንጓዴ ውሃ፣ ጥቁር ገደል፣ ነጭ አሸዋ። ሄዳችሁ ስታዩአቸው ግን ለየቅል ናቸው። ፑዌርቶ ውሃውን ከጀልባ ላይ ሆኖ ለማየት ይበቃል። ኤል ኒዶ እስከ ወገብ መግባት ይጠይቃል። ኮሮን ደግሞ ፊቱን ውሃ ውስጥ መንከር ለሚችል ሰው ነው። ምርጫችሁን ከዚህ ጀምሩ፤ የሆቴል ዋጋ በኋላ ይደርሳል።

(ዓመቶቹን፣ ወሮቹንና ቀኖቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ካርታው

ፓላዋን ከፊሊፒንስ ክፍለ ሀገሮች በመሬት ስፋት አንደኛው ነው፤ ወደ 14,650 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ዋናው ደሴት ካርታ ላይ የተጋደመ ዘነዘና ይመስላል። ርዝመቱ ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ወርዱ ግን ሰፋ ባለበት ቦታ እንኳ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በምሥራቅ የሱሉ ባሕር አለ፣ በምዕራብ የደቡብ ቻይና ባሕር። መሀል ለመሀል ተራራ ተዘርግቷል። ከፍተኛው ማንታሊንጋሃን 2,086 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከዚያ ትበልጣለች ብዬ አቴን አሹፌባታለሁ። ተራራው ከባሕር ወለል ሽቅብ ሲነሳ ሳየው ግን አፌን ያዝኩ።

ዙሪያውን ከ1,700 በላይ ደሴቶች ተበትነዋል። ፑዌርቶ የዘነዘናው ወገብ ላይ፣ በምሥራቁ ዳር ናት። ኤል ኒዶ ሰሜናዊው ጫፍ ላይ። ኮሮን ጭራሽ ሌላ ደሴት ላይ ናት፤ በመኪና አይደረስባትም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አምስት ቀን ይዞ ሦስቱንም ይደረድራል። ከፑዌርቶ ኤል ኒዶ በሚኒባስ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። ከኤል ኒዶ ኮሮን በፈጣን ጀልባ 4 ሰዓት ገደማ፣ ያውም ባሕሩ ከፈቀደ። አምስት ቀን ያለው አንዷን ይያዝ። ስምንት ቀን ያለው ሁለቱን። ሦስቱንም ማለት የሚቻለው ሁለት ሳምንት ያለው ሰው ነው።

ደሴቱ ለእንግዳ ደግ መሆን የጀመረው ዛሬ አይደለም። በ1521 ፖርቱጋላዊው መርከበኛ ማጄላን ማክታን በምትባል ሌላ የፊሊፒንስ ደሴት ላይ ከተገደለ በኋላ የተረፉት መርከበኞቹ ስንቃቸው አልቆ ሲንከራተቱ የደረሱት ፓላዋን ነው። ሩዝ፣ ፍየልና ዶሮ አገኙ። አብሯቸው የነበረው ጸሐፊ «የተስፋይቱ ምድር» ብሎ መዘገባት።

ፑዌርቶ ፕሪንሴሳ፦ ሰው የሚንቃት

ፈረንጆች ፑዌርቶን እንደ መናኸሪያ ነው የሚያዩዋት። ከአውሮፕላን ወርደው ቀጥታ የኤል ኒዶን ሚኒባስ ይሳፈራሉ። እኔ ሦስት ሌሊት አደርኩባት፤ አልቆጨኝም።

ከተማዋን ስፔኖች የቆረቆሯት በ1872 ነው። ስሟ «የልዕልቲቱ ወደብ» ማለት ሲሆን በልጅነቷ የሞተችውን የንግሥት ኢሳቤላ 2ኛን ልጅ አሱንሲዮንን ያስታውሳል። የሚያማልል ከተማ አይደለችም። ዝቅ ያሉ ቤቶች፣ ብዙ ትራይሲክል (የእኛን ባጃጅ አስቡት፤ ልዩነቱ ሞተር ሳይክል ላይ ጋሪ የተገጠመለት መሆኑ ነው)፣ ንጹሕ መንገድ። መሀል ከተማው የሚዋኙበት የባሕር ዳርቻ የለውም። ሳልደብቅ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ያረፍኩበት አየር ማረፊያ ታሪክ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓኖች የማረኳቸውን አሜሪካውያን እዚህ አምጥተው በእጃቸው የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ አሠሯቸው። የዛሬው አየር ማረፊያ መነሻው ያ ነው። ታኅሣሥ 14 ቀን 1944 ጠባቂዎቹ የአየር ጥቃት መጣ ብለው ወደ 150 የሚሆኑትን ምርኮኞች ጉድጓድ ውስጥ አስገቧቸው። ከዚያ ቤንዚን አርከፍክፈው ለኮሱባቸው። 139ኙ ሞቱ። 11ዱ በገደሉ በኩል ወደ ባሕሩ ወርደው አመለጡ። ቦታው ዛሬ ፕላዛ ኳርቴል የሚባል ትንሽ መናፈሻ ነው፤ ከካቴድራሉ ጎን። ስገባ አንድ አትክልተኛ ቅጠል እየጠረገ ነበር። ጥላው ጥሩ ነው፣ ወንበር አለ፣ ከታች ባሕሩ ይታያል። የሟቾቹ ስም ድንጋይ ላይ ተጽፏል። ግማሽ ሰዓት ስጡት።

ሰው ሁሉ ወደ ፑዌርቶ የሚመጣበት ዋናው ምክንያት ግን ከመሬት በታች የሚሄደው ወንዝ ነው። ዩኔስኮ በ1999 መዝግቦታል። ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ ዋሻ ውስጥ ተጉዞ ቀጥታ ባሕር ውስጥ ይገባል። ከከተማው ሳባንግ እስከሚባለው መንደር በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ከዚያ በጀልባ ትንሽ፣ ከዚያ በእግር ትንሽ። በቀን የሚገባው ሰው ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ ፈቃዱን አስቀድሞ መያዝ ግድ ነው። አስጎብኚ ድርጅት ከያዛችሁ እነሱ ይጨርሱላችኋል።

ለእኔ ቢጤ ዋና አላዋቂ ከዚህ የተሻለ ጉዞ የለም። ላይፍ ጃኬትና ሄልሜት ያለብሷችኋል። ጀልባዋ ሞተር የላትም፤ ከኋላ ያለው ቀዛፊ ቀስ አድርጎ ወደ ጨለማው ያስገባታል። ፊት የተቀመጠ ሰው መብራቱን ይይዛል። በእኛ ጀልባ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። መብራቱን ወዳለኝ አቅጣጫ ሳዞረው ጣሪያው ላይ የሌሊት ወፎች እንደ ጥቁር ከረጢት ተንጠልጥለዋል። ከድንጋዩ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ሽታው የቆየ የዶሮ ቤት ነው። ቀዛፊው «ወደ ላይ ስታዩ አፋችሁን ዝጉ» ሲል ሁሉም ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ግንባሬ ላይ አንድ ጠብታ አረፈ። ውሃ ይሁን ሌላ ነገር አልጠየቅኩም። ድንጋዮቹን ይህ በቆሎ ነው፣ ይህ ነጭ ሽንኩርት ነው፣ ይህ ቅድስት ቤተሰብ ነው እያሉ በስም ይጠሯቸዋል። ውስጥ የምትቆዩት ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው። ስትወጡ ከዛፎቹ ሥር የሚጠብቋችሁን ጦጣዎች ተጠንቀቁ። ላስቲክ ፌስታል ካዩ ምግብ ነው ብለው ይነጥቃሉ። የእኔን ብስኩት ወስደዋል።

ከጉዞው በተረፈ ጊዜ ኢዋሂግን እዩ። አሜሪካኖች በ1904 የከፈቱት የእስር ቤት እርሻ ነው። እስረኞቹ ሩዝ ያመርታሉ፣ የእጅ ሥራ ይሸጣሉ። በአቅራቢያው ያለው ወንዝ ላይ ማታ ማታ በጀልባ እሳት ትል ለማየት ይወጣል። ዛፉ በሙሉ ብልጭ ድርግም ይላል። ሆንዳ ቤይ የሚባሉት ደሴቶችም አሉ፤ ውሃቸው ጥልቀት የለውም፣ ለልጆች ይሆናል። ያም ሆኖ ኤል ኒዶን የሚያይ ሰው ሆንዳ ቤይን ቢዘል ምንም አይጎድልበት።

ስለ ምግብ አንድ ወግ። ታሚሎክ የሚባል ነገር አለ። ውሃ ውስጥ የበሰበሰ የማንግሮቭ ግንድ በመጥረቢያ ይፈለጣል፤ ከውስጡ እንደ እርሳስ ቀጠን ያለ፣ ከክንድ የማያንስ፣ ግራጫማ የሚያዳልጥ ነገር ይጎተታል። ትል ይመስላል እንጂ የቀንድ አውጣና የኦይስተር ዘመድ ነው። ኮምጣጤ፣ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ የመሰለ ቃሪያ ውስጥ ነክረው በጥሬው ይውጡታል። እኔ ጥሬ ሥጋ በልቼ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ አልፈራም ብዬ ገባሁበት። ጣዕሙ ባሕር ባሕር ይላል። ሁለተኛውን ግን ለጓደኛዬ ገፋሁለት። ከዚያ ይልቅ ቻኦሎንግን እመክራለሁ። ከቬትናም ጦርነት በኋላ በጀልባ ተሰደው ፑዌርቶ የተጠለሉት ቬትናማውያን ትተውት የሄዱት የኑድል ሾርባ ነው። ሰዎቹ አብዛኞቹ ሄደዋል። ሾርባው የከተማው ሆኖ ቀርቷል።

ታሪክ የሚወድ ሰው ካለ ወደ ደቡብ ሦስት ሰዓት ያህል ነድቶ ኬሶን ከተማ አጠገብ ያሉትን የታቦን ዋሻዎች ይይ። በ1962 አሜሪካዊው ሮበርት ፎክስ የመራው ቡድን እዚህ የጥንት ሰው አጥንት አገኘ፤ ከተገኙት ቁራጮች አንዱ 47 ሺህ ዓመት ገደማ ተገምቷል። የሉሲ አገር ሰው በዚህ ላይደነቅ ይችላል። በ1964 የተገኘው የማኑንጉል እንስራ ግን ማንንም ያቆማል። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ890 እስከ 710 ባለው ጊዜ የተሠራ የአፅም ማስቀመጫ ነው። ክዳኑ ላይ ጀልባ አለ። ጀልባዋ ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። የፊተኛው እጁን ደረቱ ላይ አጣምሯል፤ የኋለኛው እየቀዘፈ ወደ ወዲያኛው ዓለም ያሻግረዋል። እንስራውን ለማየት ግን ፓላዋን መሄድ አያስፈልግም። ማኒላ ብሔራዊ ሙዚየም ነው ያለው። በረራችሁ ማኒላ ላይ ካሳደራችሁ ጊዜውን ለእሱ ስጡት።

ቱባታሃ ሪፍን (ባሕር ውስጥ ያለ የኮራል ክምር ነው) ያልጠቀስኩት ረስቼው አይደለም። ከፑዌርቶ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ባሕር ውስጥ ነው፣ ዩኔስኮ በ1993 የመዘገበው። የሚደረሰው ግን ለቀናት መርከብ ላይ እያደሩ፣ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሰኔ አጋማሽ ብቻ ነው። ለጠላቂዎች ነው። ለእኛ የሺህ ፔሶው ኖት ጀርባ ላይ ያለው ሥዕል ይበቃናል።

ኤል ኒዶ፦ ፎቶው እውነት ነው

ኤል ኒዶ በስፓኒሽ «ጎጆው» ማለት ነው፣ የወፍ ጎጆ። ቀድሞ ባኩይት ትባል ነበር፤ ስሟ የተለወጠው በ1954 ነው። ገደሎቹ ላይ በምራቃቸው ጎጆ የሚሠሩ ትናንሽ ወፎች አሉ። ቻይናውያን ጎጆውን ሾርባ አድርገው ይበሉታል፣ ዋጋውም ውድ ነው። ሰዎች የቀርከሃ መወጣጫ ይዘው፣ ያንን ቀጥ ያለ ገደል ወጥተው ነው የሚለቅሙት። ገደሉን ከሥሩ ሆናችሁ ስታዩት እንኳን ለመውጣት ለማየትም አንገት ያማል።

ስለ ውበቷ ብዙ አልልም። ፎቶው እውነት ነው። ከባሕሩ መሀል ጥቁር የኖራ ድንጋይ እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ ይነሳል፤ በመሀሉ ውሃው ክብ ሠርቶ ይተኛል። የሚያስቆጨው ሁሉም ሰው ይህን ማወቁ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በደርዘን የሚቆጠሩ ጀልባዎች አንድ ላይ ይነሳሉ፣ አንድ ቦታ ላይ ይቆማሉ፣ በአንድ ጊዜ ምሳ ያወጣሉ። የከተማው ዳርቻ ራሱ የጀልባ ማቆሚያ ነው፤ ለመዋኛ አይሆንም።

ጉብኝቶቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ ተብለው ተከፍለዋል። የትም ብትገዙ መንገዳቸው ተመሳሳይ ነው፣ ዋጋቸውም ተቀራራቢ። ሻጩ «የእኔ ልዩ ነው» ቢላችሁ ልዩነቱ ምሳው ነው። አስጎብኚዎች ኤ እና ሲን ይገፋሉ። እኔ ደግሞ ዋና ለማይችል ሰው ኤ እና ቢ እላለሁ። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ኤ ውስጥ ትልቁና ትንሹ ላጉን (በገደል የተከበበ የባሕር ውሃ) አሉ። ትልቁ ላጉን ሞተር ያለው ጀልባ አይገባበትም፤ ካያክ ተከራይታችሁ እየቀዘፋችሁ ትገባላችሁ። ካያክ ላይ ከተቀመጣችሁና ላይፍ ጃኬት ካሰራችሁ ዋና አያስፈልግም። ቀና ብላችሁ ገደሉን እያያችሁ ትንሳፈፋላችሁ። ለዚህ ለብቻው ኤል ኒዶ መሄድ ይቻላል። ቢ ደግሞ የእባብ ደሴት የሚሏት አላት። እባብ የለባትም። ውሃው ሲጎድል እንደ እባብ የሚጠማዘዝ የአሸዋ መንገድ ይወጣል፤ በእግራችሁ ትሄዱበታላችሁ፣ ግራና ቀኙ ባሕር።

ሲ ሌላ ነገር ነው። «ሚስጥራዊው ዳርቻ» የሚሉት ቦታ የሚገባው በድንጋይ ቀዳዳ ተሹለክልኮ፣ በዋና ነው። ማዕበል ካለ ውሃው ከድንጋዩ ጋር ያላጋል። እኔ ገመድ ይዤ ግማሽ መንገድ ደርሼ ተመለስኩ። ጀልባ ላይ የቀረነው እኔና አንዲት የኮሪያ አሮጊት ነበርን። ማንጎ ላጠችልኝ።

አንድ የማይነግሯችሁ ነገር አለ። ጀልባው ዳር ድረስ አይጠጋም። በየማቆሚያው ወገብ፣ አንዳንዴ ደረት የሚደርስ ውሃ ውስጥ ወርዳችሁ፣ ስለታም ድንጋይ እየረገጣችሁ ነው የምትወጡት። የውሃ ጫማ ግዙ፣ ወይም ተከራዩ። ስልካችሁን ውሃ የማያስገባ ከረጢት ውስጥ ክተቱ። የአንድ ጊዜ ፕላስቲክ ጠርሙስ ጉብኝት ላይ ክልክል ስለሆነ የራሳችሁን ኮዳ ያዙ።

ጀልባ የሰለቸው ናክፓን ይሂድ። ከከተማው ወደ ሰሜን በመኪና ከአንድ ሰዓት በታች ነው። 4 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ አሸዋና ኮኮናት። ሰውም ይቀላል።

ኮሮን፦ ፊቱን የሚነክር

እዚህ ላይ አዳላለሁ። ሦስቱን አይቼ ልመለስባት የምፈልገው ኮሮን ናት፤ ዋናም ሳልችል።

መጀመሪያ ስሙን እንፍታው። ኮሮን ከተማ ያለችው ቡሱዋንጋ ደሴት ላይ ነው። ኮሮን ደሴት የምትባለው ከፊት ለፊቷ የቆመችው ጥቁር ተራራ ናት። ከተማዋ ዳርቻ የላትም፤ አሸዋ ላይ ተኝቼ መጽሐፍ አነባለሁ ያለ ሰው ይናደድባታል። ከማኒላ ቡሱዋንጋ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

ኮሮን ደሴት የታግባንዋ ሕዝብ ርስት ናት። መሬቱና ባሕሩ የእነሱ መሆኑን መንግሥት አውቆላቸዋል፤ የመግቢያውን ክፍያም እነሱ ይቀበላሉ። ከተራራው ውስጥ ካሉት ሐይቆች ለእንግዳ የተከፈቱት ጥቂት ናቸው። ሌሎቹ የመናፍስት ቦታ ስለሆኑ አይነኩም። እኛ ጋ ጠበል ወይም የቆሌ ዛፍ ያለበት ቦታ እንደሚከበረው ማለት ነው። ታግባንዋዎች የራሳቸው ጥንታዊ ፊደል አላቸው። በቢላ ጫፍ ቀርከሃ ላይ ከታች ወደ ላይ ይጻፍ ነበር። እያንዳንዱ ፊደል ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ ይይዛል፤ አናባቢው ሲለወጥ ምልክት ይጨመርበታል። የቋንቋ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን አጻጻፍ በሙሉ የሚጠሩት «አቡጊዳ» ብለው ነው። ቃሉን የወሰዱት ከእኛው ነው። የኔታ ፊት ቁጭ ብለን የቆጠርነው አቡጊዳ እዚህ ድረስ መምጣቱን ሳውቅ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ።

ካያንጋን ሐይቅ የደሴቷ ዋና መስህብ ነው። ጀልባዋ ትጠጋለች፣ ደረጃውን ሽቅብ ትወጣላችሁ፣ ጫፉ ላይ ሰው ለፎቶ ተሰልፏል። ያ በየቦታው «ካያንጋን ሐይቅ» ተብሎ የሚለጠፈው ፎቶ ግን የሐይቁ አይደለም፤ ጀልባዎቹ የቆሙበት የባሕር ወሽመጥ ነው። ሐይቁ በወዲያኛው በኩል ቁልቁል ስትወርዱ ነው ያለው። ውሃው መስታወት ነው። ላይፍ ጃኬት ግዴታ ስለሆነ ከዋናተኛው ጋር እኩል ናችሁ። የእንጨት መረማመጃውን ይዤ መነጽሩን አድርጌ ፊቴን ነከርኩ። ከሥሬ የድንጋዩ ገደል እስከ ታች ድረስ ይታያል። ላንጋኖ እንዲህ አያሳይም።

ባራኩዳ ሐይቅ ለጠላቂዎች ጉድ ነው። ላይኛው ውሃ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ወደ 14 ሜትር ሲወርዱ ድንገት እስከ 38 ዲግሪ ይሞቃል።

ኮሮንን ልዩ ያደረጋት ግን የሰመጡት መርከቦች ናቸው። መስከረም 1944 አሜሪካኖች ማኒላን በአየር ሲደበድቡ የጃፓን መርከቦች ሸሽተው እዚህ ደሴቶቹ መሀል ተደበቁ። መስከረም 24 ቀን ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች የተነሱ አውሮፕላኖች ደረሱባቸው። ዛሬ ኢራኮ፣ አኪትሱሺማ፣ ኦኪካዋ ማሩ እየተባሉ ባሕር ሥር ተኝተዋል። ኢራኮ ለጦሩ ምግብ የምታመላልስ የማቀዝቀዣ መርከብ ነበረች። አብዛኞቹ ፈቃድ ያለው ጠላቂ ይፈልጋሉ። ሉሶንግ የምትባለው ትንሽ የጦር ጀልባ ግን ለእኛም ትሆናለች። ባሕሩ ሲጎድል ጫፏ ከውሃ በላይ ይወጣል። ላይፍ ጃኬት አስሬ፣ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አድርጌ፣ አስጎብኚው እጄን ይዞ እየጎተተ ወሰደኝ። ብረቱን ኮራል አልብሶታል። በመስኮቱ ቀዳዳ ቢጫ ዓሣዎች ይወጣሉ ይገባሉ። አስጎብኚው እጄን ሲለቀኝ አላወቅኩም ነበር።

ማታ ማኪኒት ፍልውሃ ሂዱ። ከከተማው በትራይሲክል ቅርብ ነው። ለፍልውሃ አዲስ አይደለንም፤ የዚህኛው ውሃ ግን ጨዋማ ነው፣ ገንዳው ባሕሩን አፋፍ ላይ ሆኖ ያያል። ከዚያ በፊት ታፕያስ የሚባለውን ኮረብታ ከ700 በላይ ደረጃ ወጥታችሁ ፀሐይ ስትጠልቅ ካያችሁ እግራችሁ ፍልውሃውን ያመሰግናል።

ካላዊትን ደግሞ ለጉዱ ልንገራችሁ። የያኔው የአገሩ ፕሬዚዳንት ማርኮስ በ1976 ከቡሱዋንጋ ጫፍ ያለችውን ይህችን ደሴት የአፍሪካ እንስሳት መጠለያ አደረጋት። በ1977 ከኬንያ 104 እንስሳት በመርከብ መጡ፦ ቀጭኔ፣ የሜዳ አህያ፣ አጋዘን ዓይነቶች። ለእነሱ ቦታ ለመልቀቅ 250 ያህል ቤተሰቦች ከደሴቷ ተነሱ፤ ብዙዎቹ ታግባንዋዎች ነበሩ። የቀጭኔዎቹና የሜዳ አህዮቹ ዘር ዛሬም አለ። ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ ጉዞ ነው። ልጆች ከያዛችሁ ይወዱታል። እኔ አልሄድኩም። ከአፍሪካ ተነስቶ ቀጭኔ ለማየት ፊሊፒንስ መሄድ ለእናቴ የማስረዳው ነገር አይደለም።

መቼ፣ ምን ይዞ

ክረምታቸው ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ዝናብ ነው። ያኔ ነፋሱ ከምዕራብ ስለሚመጣ ኤል ኒዶና ሳባንግ ፊት ለፊት ይመታሉ፣ ጉብኝት ይሰረዛል። ጥሩው ጊዜ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ነው። አውሎ ነፋስ በፓላዋን ብዙም ባይሆንም ሲመጣ ዓመቱ ሲያልቅ ነው የሚመጣው። ሃያን ኅዳር 2013 ኮሮንን መትቷታል፣ ራይ ደግሞ ታኅሣሥ 2021 የፑዌርቶን ዙሪያ። የስቅለት ሳምንታቸውን ሽሹት፤ አገሩ በሙሉ ባሕር ዳር ነው፣ አልጋ አይገኝም። የእነሱ ፋሲካ ከእኛ ጋር ሁልጊዜ ስለማይገጥም ቀኑን አጣሩ።

ጾመኞች ትንሽ ይቸገራሉ። አትክልት ብላችሁ ያዘዛችሁት ውስጥ የአሳማ ሥጋ ወይም የሽሪምፕ ድልህ ይገኛል። «ሥጋ የለውም» ከማለት የማትፈልጉትን አንድ በአንድ ቆጥሮ መናገር ይሻላል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናንተ ትቻለሁ። ለሙስሊም አንባቢዎች ፑዌርቶ ከሁለቱ ትሻላለች፤ ትልቅ ከተማ ስለሆነች ምርጫው ሰፊ ነው። ከኢትዮጵያ የምትነሱ የቢጫ ወባ ካርዳችሁን ያዙ። ጥሬ ፔሶ ከማኒላ ወይም ከፑዌርቶ ይዛችሁ ውጡ፤ ኤል ኒዶና ኮሮን ያሉት ኤቲኤሞች ጥቂት ናቸው፣ ገንዘብ ያልቅባቸዋል።

የጀልባውን ነገር ሳልነግራችሁ አልጨርስም። ከኤል ኒዶ ወደ ኮሮን ትኬት ቆርጬ፣ በማግስቱ ከኮሮን ማኒላ በረራ ይዤ ነበር። ጠዋት ወደቡ ስደርስ ባሕሩ ተቆጥቷል፣ ጉዞ የለም ተባለ። ጀልባው ቢሮ የነበረው ልጅ ነገ ይሆናል አለኝ፤ ነገም ነገ ሆነ። በረራዬ አለፈኝ። አቴ ጋ ደውዬ ስነጫነጭ «ባሕር ቀጠሮ አይዝም ኩያ» አለችኝ። ኩያ ወንድም ጋሼ እንደማለት ነው፤ ብትበልጠኝም ስትራራልኝ ብቻ ነው እንዲህ የምትለኝ። ስለዚህ ሁለቱን የምታያይዙ ከሆነ በጀልባውና በበረራው መካከል ሁለት ባዶ ቀን አስቀምጡ። አለበለዚያ በአንዱ ገብታችሁ በዚያው ውጡ።

እናታችሁን ወይም ትናንሽ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ፑዌርቶ። ጫጉላ ከሆነ ኤል ኒዶ፤ ሕዝቡን ትረሱታላችሁ። ብቻችሁን ከሆናችሁና እንደኔ እስከ ደረት ከሆናችሁ ኮሮን፤ ከመሄዳችሁ በፊት ግን ሰፈር ገንዳ ገብታችሁ መነጽርና ቱቦ አድርጎ መተንፈስን ሁለት ሦስት ቀን ተለማመዱ። እኔ ይህን ያደረግኩት ከተመለስኩ በኋላ ነው።